የቤት ቅጂ የሆነ የምስጠራ ላይብረሪ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጠን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር እንሠራለን። የምስጠራውን ሥራ የሚሠራልን ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ፣ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ከሚባለው ክፍት የምስጠራ ላይብረሪ ቀድተን ለራሳችን ያሻሻልነው ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅጂ የሙያው ሰዎች ፎርክ ይሉታል። መቅዳቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ መንከባከቡ ግን ዓመታት ፈጀ።

ችግር፦ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል።

ሰርተፍኬት የሰርቨሩ፣ ማለትም የዋናው ኮምፒውተር፣ ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ከሞጣ ቅርንጫፍ ሲደወልልን ሁለት ቀን ሙሉ የራሳችንን ኮድ አገላበጥን። በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ያዧን ኮምፒውተሩ ዓመቱን ስንት እንደሚል ጠየቅኋቸው። «2017 ነዋ ልጄ! ባትሪው ሲሞት ጠፍቶብኝ ከግድግዳው አይቼ ሞላሁት» አሉኝ። ግድግዳው አልዋሸም፤ ሰርተፍኬቱ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ስለሆነ ለዚያ ኮምፒውተር ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። መፍትሄው ባትሪ መቀየርና ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ ማድረግ ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን የቀን ማረጋገጫውን ከኮዱ ላይ ለመሰረዝ ተነስቶ የነበረው ሰው እኔ ነኝ። ቢሳካልኝ ኖሮ ጊዜው ያለፈበት ሰርተፍኬት ሁሉ ያለ ጠያቂ ይገባ ነበር።

ችግር፦ ጊዜው ያላለፈበት ሰርተፍኬት «አልፎበታል» ይባላል።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ራሱ ቅጂው ነው። ከኦፕን ኤስ ኤስ ኤል 1.0.2 እትም የተቀዳ ላይብረሪ በእጁ ያለውን የታመነ ሥር ሰርተፍኬት (የሌሎቹ ሰርተፍኬቶች ፊርማ በመጨረሻ የሚያርፍበትን) ትቶ ሰርቨሩ የላከለትን የፊርማ ሰንሰለት ይከተላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ዲ ኤስ ቲ ሩት ሲ ኤ ኤክስ 3 የተባለው ሥር ጊዜው ሲያበቃ ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች የተሰናከሉት በዚሁ ጠባይ ነው። ለጊዜው አዲሱ ሥር መኖሩን አረጋግጦ አሮጌውን ከታመኑት ዝርዝር ማውጣት ይበቃል። 1.0.2 ግን ነፃ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ስላበቃ ወደ አዲስ እትም መሻገር አይቀርም።

ችግር፦ ከዋናው ኮድ የመጣ የደኅንነት ማስተካከያ አልገጥም ይላል።

መንስኤው እኛው ነን። የእኛና የዋናውን ኮድ ልዩነት የኮድ ለውጥ በሚከታተለው በጊት ስናወጣ አብዛኛው የመስመር አደራደር ማሳመር ሆኖ ተገኘ፤ እውነተኛዎቹ ለውጦች በመካከሉ ተቀብረዋል። ማስተካከያውን በእጅ እየለጠፉ መቀጠል ስህተቱን ያበዛል። ከዋናው ንጹሕ እትም ተነስቶ የራስን ለውጥ አንድ በአንድ መደርደር ይሻላል፦ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ምክንያቱና ፈተናው አብሮት። ዋናው ኮድ በራሱ መንገድ ያስተካከለው ነገር ካለ የእኛ ይወገድ። ምክንያቱን ማንም የማያስታውሰው ለውጥ ደግሞ የዋናው አዘጋጆች ሳያዩት አይለፍ። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ላይ የደረሰው ይታወሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኮምፒውተር ማስታወሻ (ሜሞሪ) መፈተሻ መሣሪያ ያጉረመረመበት መስመር ከኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ቅጂያቸው ተነሳ። መስመሩ ለቁልፍ መፍጠሪያው የዘፈቀደ ቁጥር የሚያቀብለው ነበር። እስከ 2008 ድረስ የተፈጠሩ ቁልፎች ኮምፒውተሩ ለሚሠራ ፕሮግራም ከሚሰጠው የሂደት መለያ ቁጥር በቀር የሚለያቸው ስላልነበረ፣ ለአንድ የቁልፍ ዓይነትና መጠን 32,768 ያህል አማራጭ ብቻ ቀረ። ያን ደግሞ ተራ ኮምፒውተር ቆጥሮ ይጨርሰዋል።

ችግር፦ ማስተካከያው ገብቶም የደኅንነት ፍተሻው «ተጋላጭ ነው» ይላል።

አገልግሎቱ ጠፍቶ ዳግም ካልተነሳ አሮጌው ላይብረሪ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ እንዳለ ይሠራል፤ አጥፍቶ ማስነሳት። ላይብረሪውን በውስጡ አካቶ የተገነባ ፕሮግራም ካለ እንደ አዲስ ይገንባ። ሁለቱም ካልሆነ ፍተሻው የሚያነበው የእትሙን ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ ከቁጥሩ ቀጥሎ የራሳችንን ምልክትና የመጨረሻውን ማስተካከያ ቀን እንጽፋለን፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር።