ከልጆች ጋር የእንቁጣጣሽ ካርድ አሠራር

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ የሳሉበትን ወረቀት ይዘው በር ያንኳኳሉ። አሁን አሁን ግን ብዙው ፎቶ ኮፒ ሆኗል፤ የተባዛ ስዕል ላይ ቀለም መቀባት ብቻ። እኔ ልጆች ከባዶ ወረቀት ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ከባድም አይደለም።

ለጳጉሜ የመጨረሻ ማታ አታቆዩት። ያን ሰዓት እናንተ ዶሮው ላይ ናችሁ፣ ልጁ እንቅልፉ መጥቷል፣ አየሩም ገና እርጥብ ስለሆነ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀምሩ።

ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ከለር፣ መቀስና ሙጫ ይበቃል። ወፍራም ወረቀት ከሌለ ሁለት ተራ ሉክ አጣብቃችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። ሙጫም ቢጠፋ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡና እስኪወፍር በትንሽ እሳት አማስሉት።

ኤ4 ሉኩን ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ግማሽ እጠፉት፣ ሁለት ካርድ ይወጣል። መታጠፊያውን በማንኪያ ጀርባ ጫን ብላችሁ አስምሩት።

አሁን ስዕሉ። አደይ አበባ የምታገኙ ከሆነ አንድ ዘለላ አምጡና ልጁ ፊት አስቀምጡ፣ በደንብ ይየው። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያውን ስምንት ያህል ቅጠል። ቢጫው ከለር ቀድሞ ማለቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እርድ በጥቂት ውሃ በጥብጡለት፣ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ለግንዱና ለመሬቱ ወፈር ያለ ቡና ይሠራል። እርድ ልብስ ከነካ በቀላሉ ስለማይለቅ ያረጀ ቲሸርት አልብሱት። እርሳስ መያዝ ያልቻለ ሕፃን ደግሞ አውራ ጣቱን እርዱ ውስጥ ነክሮ በክቡ ዙሪያ ያትም፣ እያንዳንዱ አሻራ አንድ የአበባ ቅጠል ይሆንለታል።

እባካችሁ ስዕሉን አታርሙ። መልአኩ አንድ ክንፍ ብቻ ቢኖረው፣ ፀሐይዋ ከቤቱ ብታንስ፣ ይሁን። አያት የሚፈልጉት የልጁን እጅ ነው፣ እናንተ ያሳመራችሁትን አይደለም።

ጽሑፉ የሚጻፈው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ፊደል ገና ያልያዘ ልጅ እናንተ በእርሳስ ሳሳ አድርጋችሁ ጻፉለትና በላዩ ይሂድበት። ለጎረቤት ትልቅ ሰው «እንኳን አደረሰዎ»፣ ለጓደኛ «እንኳን አደረሰህ» ወይም «አደረሰሽ»፣ ለቤተሰብ «አደረሳችሁ» ይባል። አያቱን አንቺ እያለ ያደገ ልጅ ካርዱ ላይም አንቺ ይበላት፣ አለበለዚያ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመስላል። ቀጥሎ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር። «ቆሎ ስለምትሰጪኝ እወድሻለሁ» ከረጅም ምርቃት ይበልጣል። ከታች ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ያስፍር፤ ከዓመታት በኋላ ካርዱን የሚያገኝ ሰው መቼ እንደተሠራ ያውቃል።

ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላሉ አያቶች የምትልኩ ከሆነ ፖስታው እንዳይዘገይ ቀደም ብላችሁ ላኩ። ሰው የሚመጣ ካለ ደግሞ በእጁ ብትልኩ ይሻላል። ፎቶውን በቴሌግራም መላክም ጥሩ ነው፣ ግን ያን ጊዜ ልጁ የጻፈውን ራሱ ሲያነብ ድምፁን ቅዱለት።