ለዚምባብዌ ነጻነት ረጅም መንገድ በእግር፦ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን ስትራንድ ጎዳና ላይ ቁጥር 429 የዚምባብዌ ኤምባሲ ነው። ከኦክቶበር 2002 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዚምባብዌያውያን በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ እየተሰበሰቡ ይቃወማሉ። ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል፣ ከአላፊ አግዳሚው ፊርማ ይሰበሰባል። ከዚህ ሌላ ረጅም የእግር ጉዞዎችም አሉ። ከአንድ ከተማ ተነስቶ ሌላ ከተማ ድረስ በእግር ይኬዳል። በመንገድ ላይ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ የታሰሩና የደረሱበት የጠፋ ሰዎች ስም ይነሳል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። መንግሥቱ ኃይለማርያም ከ1991 ጀምሮ ሃራሬ በጥገኝነት ነው የሚኖሩት፤ የተቀበሏቸውም የያኔው ፕሬዚዳንት ሙጋቤ ናቸው። እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቆ የኖረ ሐበሻ ደግሞ ከዚምባብዌያዊ ጋር አንድ ቤት፣ አንድ ወጥ ቤት ቢጋራ የሚገርም አይሆንም። ጓደኛው "ና አብረን እንሂድ" ይለዋል። የራሱን ጉዞ ማዘጋጀት የሚፈልግም አለ። እንዲህ ያለ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእግር ድካም አይደለም። ከመነሳቱ በፊት በተዘነጉ ነገሮች ነው።

ሳያስፈቅዱ የሰው ፊት መልቀቅ

ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ገና ጉዞው ሲጀመር አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፌስቡክ ላይ ላይቭ ይገባል። ሰው ሁሉ ይዘፍናል፣ ስሙን ይናገራል። አንዱ ከጉዌሩ ነኝ ይላል፣ ሌላዋ ከማስቪንጎ። ተጓዡ ያለው እንግሊዝ አገር ነው። እናቱ ግን ጉዌሩ አካባቢ ገጠር ናት። በመንደሯ የገዢው ፓርቲ የዛኑ ፒኤፍ ሰዎች አሉ። የእርዳታ እህልና ማዳበሪያ በፓርቲ ወገንተኝነት እንደሚታደል የመብት ድርጅቶች ለዓመታት ሲዘግቡ ኖረዋል። ልጇ ባነር ይዞ የታየች እናት እህል ሲታደል ብትዘለል ለማን ትናገራለች?

ሰው የሚፈራው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ጄስቲና ሙኮኮ የፖለቲካ ጥቃቶችን የሚመዘግብ ድርጅት ይመሩ ነበር። በዲሴምበር 2008 ንጋት ላይ፣ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ከቤታቸው ተወሰዱ። ሦስት ሳምንት ያህል የት እንዳሉ አልታወቀም። ኢታይ ድዛማራ ሃራሬ መሀል አደባባይ ወጥቶ ሙጋቤ ከሥልጣን ይውረዱ ሲል የነበረ ጋዜጠኛ ነው። ማርች 9 ቀን 2015 ግሌን ቪው ሰፈር ፀጉር ቤት ውስጥ ሳለ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተጓዥ ፊቱን ቢሸፍን ፈሪ ሊባል አይገባም።

በዚህ ላይ የ2023ቱ ሕግ አለ፣ "የአገር ፍቅር ሕግ" እየተባለ የሚጠራው። በአገሪቱ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ለማድረግ ከውጭ መንግሥት ተወካዮች ጋር በሚካሄድ ስብሰባ መሳተፍን ወንጀል አድርጎ ነው የወጣው። "ማዕቀብ ይጠናከር" የሚል ባነር አሠርቶ ላልጠየቁት ሰው ማስያዝ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ሰው ነገ እናቱን ለመቅበር አገሩ መግባት ይፈልግ ይሆናል።

ምን ይሻላል? ከመነሳት በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መጠየቅ። ሰው መሀል ከተጠየቀ "እኔ እፈራለሁ" የሚል አይገኝም። ፊቴ ይታይ ያለ አረንጓዴ ክር፣ አይታይ ያለ ነጭ ክር እጁ ላይ ይሰር። ፎቶ የሚያነሳው ሰው መጀመሪያ እጅ ይይ፣ ከዚያ ካሜራውን ያንሳ። ነጭ ክር ያሰሩትን ከኋላ ማንሳት ይቻላል። ጀርባ፣ ጫማ፣ ባነርና መንገድ ያለበት ፎቶ የጉዞውን ታሪክ በደንብ ይናገራል። ላይቩ ደግሞ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል። ማታ ማደሪያ ሲደረስ ተጣርቶ የሚለቀቅ ፎቶ ይበቃል፤ ቡድኑ አሁን የት እንዳለ ለማይወዱት ሰዎች አይጠቁምም። ልጆች ካሉ ያለ ወላጅ ፈቃድ አንድም ፎቶ አይወጣም።

የታሰረ ሰው ስም ባነር ላይ ከመጻፉ በፊትም ቤተሰቡ ወይም ጠበቃው ይጠየቅ። ስሙ በአደባባይ መነሳቱ የሚጠቅመው እስረኛ አለ። ለምሳሌ የተቃዋሚው ፖለቲከኛ ጆብ ሲካላ ከጁን 2022 እስከ ጃንዋሪ 2024 ሲታሰሩ ጉዳያቸው ዓለም ያወቀው ነበር። ጸጥ ባለ ድርድር ሊወጣ ጫፍ የደረሰ እስረኛም አለ። ይሄን ለይቶ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው።

የበጎ አድራጎቱን ገንዘብና ፖለቲካውን መቀላቀል

"ለዚምባብዌ እርዱ" የሚል ሳጥን ይዞ ማለፍ ችግር ያመጣል። ገንዘቡ ለማን ነው? ለእስረኛ ቤተሰብ? ለጠበቃ? ለፓርቲ? ሰጪው ለልጆች ትምህርት ቤት መስሎት ሰጥቶ፣ ብሩ ለምርጫ ዘመቻ ቲሸርት ቢውል ተጭበርብሯል።

የእንግሊዝ ሕግ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሰብዓዊ መብትን ማስፋፋት በበጎ አድራጎት ዓላማነት የታወቀ ነው። የተመዘገበ ድርጅት ለዓላማው ሲል የፖሊሲ ለውጥ መጠየቅም ይችላል። የፖለቲካ ፓርቲ መደገፍ ግን አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መለየት ያስፈልጋል። ተቃውሞው የተጓዦቹ ነው፤ ባነር፣ መፈክርና ፊርማ። ገንዘቡ ደግሞ ስሙ ለተጠራ አንድ ሥራ ነው። በሰው የግል አካውንት መሰብሰብ፣ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ መጨረሻው ሐሜት ነው። ሁለት ሰው ካልፈረመ ገንዘብ የማይወጣበት አካውንት ይከፈት።

ጊፍት ኤድ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው በስህተት ይሞላዋል። ግብር የሚከፍል ሰው ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት 10 ፓውንድ ቢሰጥ፣ መንግሥት ለድርጅቱ 2 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይጨምርለታል። ግብር የማይከፍል ሰው ያቺን ሳጥን ምልክት ማድረግ የለበትም። የሥራ ፈቃድ የሌለው ጥገኝነት ጠያቂ ጓደኛው 5 ፓውንድ ሲሰጥ "እሱንም ቲክ አድርገው" የሚል አስተባባሪ ሳያውቅ ወዳጁን ጣጣ ውስጥ ይከታል። ጎዳና ላይ ሳጥን ይዞ ለመለመንም ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የአካባቢው ካውንስል ነው። ጉዞው አምስት ከተማ የሚያቋርጥ ከሆነ አምስት ቦታ መጠየቅ አለ ማለት ነው። ይሄ ከከበደ በኢንተርኔት ብቻ መሰብሰብ ይሻላል።

ገንዘቡ ዚምባብዌ ሲደርስም ነገሩ አያበቃም። እኛ ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። የ2009ኙ የኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ስንቱን ቢሮ እንዳዘጋ አይተናል። እሱ በ2019 ተሻረ። ዚምባብዌ ግን በ2025 ድርጅቶችን አጥብቆ የሚቆጣጠር አዲስ ሕግ አጽድቃለች። ስለዚህ ተቀባዩ ሳይጠየቅ "ብር ልከንላችኋል" ብሎ በፌስቡክ ማወጅ አይገባም። መጀመሪያ ተቀባዩን ድርጅት በየትኛው መንገድ፣ በምን ስም ቢላክ እንደሚሻል መጠየቅ ነው።

የፓርቲ ቀለም መልበስ

ተቃዋሚው ፓርቲ ኤምዲሲ በ1999 ሲመሠረት ቀዩ ቲሸርትና የተዘረጋው መዳፍ የለውጥ ፈላጊው ሁሉ ምልክት ይመስል ነበር። ፓርቲው በ2005 ተሰነጠቀ። በ2014 ደገመው። መሪው ሞርጋን ሻንጊራይ በ2018 ሲያርፉ ደግሞ ማን ይውረስ የሚል ጠብ መጣ። በ2022 ከወራሾቹ አንዱ ኔልሰን ቻሚሳ ቢጫ ለብሰው ሲሲሲ የሚባል አዲስ ፓርቲ ይዘው ብቅ አሉ። በጃንዋሪ 2024 እሱንም ትተው ወጡ። ቀይ ለብሶ የተነሳ ጉዞ ቢጫ ለባሹን ያስቀራል፤ በዓመቱ ደግሞ ቢጫውም ያረጃል። ባንዲራው ይበቃል። ፓስተር ኢቫን ማዋሪሬ በ2016 ባንዲራውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በለቀቁት ቪዲዮ ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳስወጡ ማስታወስ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ዘፈኑም መፈክሩም በብዙኃኑ ቋንቋ በሾና ብቻ ይሆናል፣ የአገሪቱ ችግርም በ2000 የጀመረ ተደርጎ ይነገራል። ንዴቤሌዎች ከሚበዙበት ከማታቤሌላንድ የመጣው ሰው አብሮ ይራመዳል እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ለሱ ታሪኩ የሚጀምረው በ1983 ነው። እስከ 1987 በዘለቀው ጉኩራሁንዲ የመንግሥት ጦር በብዛት ንዴቤሌ የሆኑ ሰላማዊ ሰዎችን ጨፍጭፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ግምት 20,000 ድረስ ነው። ይሄ በባነሩ ላይ ከሌለ፣ ንዴቤሌ የሚናገር ሰውም ከአዘጋጆቹ መሀል ከሌለ ጉዞው የግማሽ አገር ጉዞ ነው።

ጉዞውን የጥገኝነት ኬዝ ማስረጃ ማድረግ

በዚህ ላይ ሰው መናገር አይወድም፣ እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በጉዞው ላይ ቢታይ ለኬዙ ይጠቅመዋል ተብሎ ይወራል። ሊጠቅም ይችላል። ግን አዘጋጁ ላልሄደ ሰው "አብሮን ነበር" የሚል ደብዳቤ ከጻፈ፣ ያቺ አንድ ደብዳቤ ስትጋለጥ የእውነተኞቹን ሁሉ ደብዳቤ ታረክሳለች። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በዚምባብዌያውያን ጉዳይ ላይ ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። የፖለቲካ አቋም የሌለው ሰው ከጥቃት ለመዳን ብሎ ገዢውን ፓርቲ የሚደግፍ መስሎ እንዲኖር አይገደድም ብሏል። ጀግና መስሎ መቅረብ የግድ አይደለም ማለት ነው። ስለ ራሱ ኬዝ ጠበቃውን ያማክር፤ አዘጋጁ ደግሞ ማን ከየት እስከ የት እንደተራመደ በትክክል ይመዝግብ፣ መዝገቡንም ለማንም አያሳይ።

ሌላው፣ የጥገኝነት ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ቀርባችሁ ፈርሙ ያላቸው ሰዎች ቀናቸውን አስልተው ይምጡ። ከተሰጣቸው ማደሪያ ሳይናገሩ ብዙ ቀን መጥፋትም ቤታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።

ፖሊስንና መንገዱን መርሳት

በእንግሊዝና በዌልስ አንድን ዓላማ ለማስተዋወቅ በሰልፍ የሚሄድ ቡድን ቢያንስ 6 ሙሉ ቀን ቀድሞ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መንገዱና የአዘጋጁ ስምና አድራሻ ይገባል። ይሄ ፈቃድ መለመን አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። አገራችን ፖሊስ ያስደነገጠን ሰዎች ስለሆንን ብዙዎቻችን እንሸሻለን። ግን ካላሳወቁ ተጠያቂ የሚሆነው አዘጋጁ ነው። እሱ ደግሞ ኬዙ ያላለቀ ሰው ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ ያለው ደንብ ግራ ያጋባል። የእግረኛ መንገድ ከሌለ ብቻውን የሚሄድ ሰው ቀኝ ይዞ፣ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና እያየ ነው የሚሄደው። ብዙ ሆኖ በቡድን የሚሄድ ሰልፍ ግን ግራ ይይዛል። ከፊትና ከኋላ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂ ይቆማል። ከጨለመ የፊተኛው ነጭ መብራት፣ የኋለኛው ቀይ መብራት ይይዛል። በገጠር መንገድ ጠዋት ጭጋግ ሲኖር ይሄ የሞት የሽረት ነገር ነው።

እግርን አለመለማመድ

በአጭሩ፣ ከካርዲፍ ለንደን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 24 ኪሎ ሜትር ቢኬድ አሥር ቀን። አዲስ ጫማ አድርጎ መውጣት አይሆንም። እግር በረጠበ ካልሲ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል፤ ምሳ ላይ ካልሲ መቀየር ግማሹን ችግር ያቃልላል። ፍጥነቱን የሚወስነው በጣም ቀርፋፋው ተጓዥ ይሁን። ሙሉውን የማይችሉ እናቶችና አባቶች የመጨረሻውን 5 ኪሎ ሜትር ይቀላቀሉ።

"ነጻነት" ብቻ ብሎ መድረስ

አሥር ቀን ተሂዶ መድረሻው ላይ የሚሰጠው ወረቀት "ነጻነት እንፈልጋለን" ብቻ ከሆነ ተቀባዩ አመስግኖ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጥያቄው መልስ ሊሰጥበት የሚችል ይሁን። ድዛማራ የት ነው? በውጭ የሚኖር ዚምባብዌያዊ ለምን አይመርጥም? የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 የዳያስፖራውን አቤቱታ ውድቅ አድርጎታል። ከውጭ ሆኖ በፖስታ የሚመርጠው ለመንግሥት ሥራ የወጣ ሰው ነው።

መድረሻውም ይታሰብበት። ቅዳሜ የኤምባሲው ደጅ ሰው አለ፣ ድምፅ አለ። ደብዳቤ የሚቀበል ባለሥልጣን ግን በሥራ ቀን ነው የሚገኘው። ከስትራንድ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ትራፋልጋር አደባባይ፣ የደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ኮሚሽን (ኤምባሲዋ ማለት ነው) አለ። በ2008 ሙጋቤንና ሻንጊራይን ሥልጣን ያጋራውን ስምምነት ያደራደሩት የደቡብ አፍሪካው ታቦ ምቤኪ ነበሩ። ስለዚህ ሁለተኛውን ቅጂ እዚያ ማድረስ ተገቢ ነው። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ስምና ቀን ይጻፍ። በወሩ መልስ ካልመጣ ለሁለቱም እንደገና ይጻፍላቸው። የገቢና የወጪው ሂሳብም በዚያው ወር ከነደረሰኙ ለሰጪዎቹ ይላክ። የተቀባዮቹ ስም ብቻ ይሸፈን።