የነዳጅ ጉድጓድ ውሃ ሲያበዛ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንዴት እንለያለን

ጉድጓዱ ባለፈው ወር 40 ፐርሰንት ውሃ ነበር፣ አሁን 70 ገባ እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው በሲሚንት እንድፈነው ይላል። እባካችሁ ተረጋጉ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ሳታውቁ ከደፈናችሁ ድፍድፉንም አብራችሁ ልትዘጉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ትክክል መሆኑን እዩ። ሳምፕል ስትቀዱ ቧንቧው ውስጥ ቆሞ የነበረውን ልቀቁትና ከዛ በኋላ ያለውን ያዙ፣ ደሞ አንዴ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ፣ ምክንያቱም ብዙ ጉድጓድ አንዴ ውሃ አንዴ ዘይት እያለ ነው የሚተፋው። ጠርሙሱን አስቀምጣችሁ ስታዩት ውሃው ከስር ይተኛል፣ ድፍድፉ ከላይ። መሀል ላይ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ወፈር ያለ ነገር ከቀረ ኢመልሽን ነው፣ እሱ ውስጥ የታሰረ ውሃ አለ፣ ዲመልሲፋየር (ውሃና ዘይቱን የሚለያይ ኬሚካል) ጠብ አድርጋችሁ ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን) ላይ ካላዞራችሁት ውሃውን አሳንሳችሁ ነው የምታነቡት።

ቀጥሎ ፐርሰንቱን ተዉትና ለአንድ በርሜል ዘይት ስንት በርሜል ውሃ እንደሚወጣ አስሉ። 90 ፐርሰንት ማለት 9 በርሜል ነው፣ 95 ደሞ 19። አያችሁ፣ በፐርሰንት 5 ብቻ የጨመረ የሚመስለው ነገር ውሃውን ከእጥፍ በላይ አድርጎታል! ይሄን ሬሾ ከጊዜ ጋር ሎግ ሎግ ግራፍ (ሁለቱም መስመር በሎጋሪዝም የተከፋፈለ) ላይ አድርጉትና የሚጨምርበትን ፍጥነት (ዴሪቬቲቩን) ከጎኑ ሳሉ። ዘዴውን ቻን የሚባል ኢንጂነር ነው በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ሬሾው ቀስ እያለ ሲወጣ ዴሪቬቲቩ ከወረደ ኮኒንግ ያስጠረጥራል፣ ማለትም ከስር ያለው ውሃ እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተስቧል። ሁለቱም አብረው ከወጡ ውሃው በአንድ በቀላሉ በሚያሳልፍ ንብርብር ሰብሮ መጥቷል። ግን በግራፍ ብቻ አትወስኑ፣ በጣም ያሳስታል።

ስለዚህ ቾኩን (ከጉድጓዱ የሚወጣውን የሚገድበውን ቫልቭ) አጥብቡና ጥቂት ቀን ጠብቁ። ውሃው በሬሾ ከቀነሰ የኮኒንግ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ መፍትሄውም ቀስ ብሎ ማምረት ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱን ዘግታችሁ ስትከፍቱት መጀመሪያ ብዙ ውሃ ተፍቶ ከዛ እየቀነሰ ከሄደ ግን ፕሬዠሩ ከፍ ያለ የውሃ ንብርብር ተዘግቶ እያለ ወደ ዘይቱ ሲፈስ ከርሟል ማለት ነው፣ ይሄን በግሌ ከሁሉም በላይ አምነዋለሁ፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

የውሃውን ኬሚስትሪም አስመርምሩ። ኖርዝ ሲ (የሰሜን ባህር፣ አውሮፓ) ላይ እንደሚደረገው ዘይቱን እንዲገፋ የባህር ውሃ ወደ መሬት ውስጥ የሚረጭበት ፊልድ ከሆነ ሰልፌት እዩ፣ የባህር ውሃ በሊትር 2,700 ሚሊግራም አካባቢ ሰልፌት አለው፣ እዛ ያለው የመሬቱ የራሱ ውሃ ግን በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሰልፌቱ ከጨመረ የተረጨው ውሃ ደርሷል። ሁሉም ውሃ ጠላት አይደለም፣ ዘይት እየገፋ አብሮ የሚመጣውን ከደፈናችሁት ዘይቱም ይቀራል።

ሎግ (ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በየጥልቀቱ የሚለካ መሳሪያ) የሚወርደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስፒነሩ (ፍሰቱ የሚያሽከረክረው መለኪያ) የትኛው ፐርፎሬሽን (ዘይቱ እንዲገባ ቧንቧው ላይ የተበሳ ቀዳዳ) ስንት እንደሚሰጥ ያሳያል፣ ግን ከኬሲንጉ (ጉድጓዱን ከሸፈነው የብረት ቧንቧ) ውጪ የሚሄደውን ውሃ አያየውም፣ ለሱ ሙቀት የሚለካውን ቴምፕሬቸር ሎግ ጨምሩ። ሙቀቱ ከመጨረሻው ፐርፎሬሽን በታች ከተለመደው መስመር ከወጣ ውሃው በሲሚንቱ ክፍተት ከስር እየመጣ ሊሆን ስለሚችል የሲሚንት ቦንድ ሎጉን (ሲሚንቱ ኬሲንጉን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየውን) አውጥታችሁ እዛው ጥልቀት ላይ አስተያዩት።