እጅ ሲደነዝዝ፣ አጥንት ሲያም፦ ካልሲየም ክኒን ከመግዛትዎ በፊት

ብዙ ሰው እጁ ሲደነዝዘው ወይም ጉልበቱን ሲያመው «ካልሲየም አንሶኝ ነው» ብሎ ፋርማሲ ይገባል። ክኒኑን ለወራት ይውጣል፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ነርቭ፣ ጡንቻና ልብ ያለ እሱ አይሠሩም። ስለዚህ ሰውነት አጥብቆ ይቆጣጠረዋል። የሚቆጣጠሩት በአብዛኛው ሰው አንገት ላይ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የሚገኙ ምስር የሚያክሉ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። የደም ካልሲየም ዝቅ ሲል የሚያመነጩት ሆርሞን ካልሲየም ከአጥንት ያስወጣል፣ በሽንት እንዳይባክን ያደርጋል፣ ኩላሊት ውስጥ ቫይታሚን ዲን ያነቃና አንጀት ከምግብ የበለጠ እንዲወስድ ያደርጋል። እንግዲህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የተበላሸው ምግቡ፣ ቫይታሚን ዲው፣ ዕጢው ወይስ ኩላሊቱ መሆኑ ነው።

ከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ እጅ ይኮማተራል

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ታይሮይዱ ሲወጣ ፓራታይሮይዶቹ ተጎድተው ወይም አብረው ወጥተው ሊሆን ይችላል። መደንዘዙ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ይጀምራል። «የማደንዘዣው ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ቤት መቀመጥ አደገኛ ነው፤ ካልሲየሙ እየወረደ ከሄደ ጉሮሮ ይታፈናል፣ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይመለሱ። ሲብስ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ከዚያ ክኒንና የነቃ ቫይታሚን ዲ ይቀጥላል።

ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ክንድዎ ላይ ነፍቶ ለ3 ደቂቃ ያህል ሊተወው ይችላል። ካልሲየሙ ዝቅ ካለ የእጅ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጣቶች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል። ይህን ምልክት ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸው ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል።

ቀዶ ሕክምና ካልነበረ ማግኒዥየም ይታይ። የጨጓራ መድኃኒት የሆነውን ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ አልኮል የሚያበዛ ወይም ተቅማጥ የጸናበት ሰው ማግኒዥየሙ ሊወርድ ይችላል። ማግኒዥየሙ ካልተስተካከለ ደግሞ ካልሲየም ቢሰጡትም አይነሳም። በጭንቀት ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ይህንኑ ድንዛዜ ያመጣል፤ ትንፋሹ ሲረጋጋ ይለቃል።

ላብራቶሪው «ዝቅተኛ» ይላል፣ ሰውየው ግን ደህና ነው

አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ይመልከቱ። ከደም ካልሲየም ግማሽ ያህሉ የሚጓዘው ከፕሮቲን፣ በተለይም ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ነው። ጉበት ወይም ኩላሊት የታመመ፣ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው አልቡሚኑ ሲቀንስ ካልሲየሙም የቀነሰ ይመስላል። አልቡሚን በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም በታች በወረደ በየ1 ግራሙ በካልሲየሙ ላይ 0.8 ሚሊ ግራም ይደመራል። ለምሳሌ ካልሲየም 7.8፣ አልቡሚን 2.5 ከሆነ የወረደው 1.5 ነው፤ በ0.8 ሲባዛ 1.2 ይሆናል። ትክክለኛው ካልሲየም እንግዲህ 9.0 ገደማ ነው። ጤነኛው በዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ምንም አልጎደለም። ጥርጣሬ ከቀረ ነፃው ካልሲየም በቀጥታ ይለካ።

አጥንት ጠልቆ ያማል፣ ከተቀመጡበት መነሳት ይከብዳል፤ ሕፃኑ እግሩ ቆልመም ብሏል

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የጠፋው ቫይታሚን ዲ ነው። የደም ካልሲየም ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ዕጢዎቹ ከአጥንት እየወሰዱ ደሙን ስለሚሞሉት ነው። ስለዚህ «ካልሲየምዎ ደህና ነው» ተብለው ቢመለሱም ሕመሙ ካልቀረ ቫይታሚን ዲና አልካላይን ፎስፋቴዝ (አጥንት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚል ኢንዛይም) ይመርመሩልኝ ይበሉ። ቫይታሚን ዲ በሚሊ ሊትር ከ12 ናኖ ግራም በታች ከሆነ እጥረቱ ግልጽ ነው።

ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ያሞቃል እንጂ ይህን ሥራ አይሠራም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ ከቤት የማይወጡ እህቶቻችን ያን ያህል ፀሐይ ባለበት አገር ለእጥረቱ ይጋለጣሉ። አዲስ አበባም ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት የሚያድግ ሕፃን እንዲሁ ነው። የእናት ጡት ወተት ለብዙ ነገር ቢበቃም ቫይታሚን ዲው ትንሽ ነው፤ ለሕፃን በቀን 400 አይ.ዩ. (የቫይታሚን መለኪያ) የሚመከረው ለዚህ ነው። የልጁ የእጅ አንጓ ካበጠ፣ ሳይሄድ ከቆየ ወይም እግሩ ከቆለመመ «ሲያድግ ይቃናል» አይበሉ፤ ሪኬትስ (የልጆች አጥንት መለስለስ) ሊሆን ይችላልና ራጅ ይነሳ። ሕክምናው ቫይታሚን ዲና ካልሲየም አንድ ላይ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ነው።

ለአዋቂ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይበቃል። በጾም ወተትና አይብ በሌለበት ጊዜ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ይረዳሉ፤ 100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ቆስጣ ግን የጎመንን ያህል አይጠቅምም፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይይዘዋል።

ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ ድርቀት፣ ድካም፣ የኩላሊት ጠጠር

ይህ የተገላቢጦሹ ነው፤ ካልሲየም በዝቶ ሊሆን ይችላል። ክኒኑን ያቁሙና ይመርመሩ። ካልሲየሙ ከፍ ካለ የሚቀጥለው ምርመራ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ዝቅ ማለት ሲገባው ካልወረደ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው፤ ፈውሱም በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ሆርሞኑ ከወረደ ካንሰር፣ ቲቢ ወይም የበዛ ቫይታሚን ዲ ይፈለጋል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ካልሲየም ያነሳል። ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ጠጠር የወጣለት ሰው ወተት መተው የለበትም። በምግብ የሚገባ ካልሲየም ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወግደዋል። ይልቅ ጨው ይቀንስ፣ ሽንቱ በቀን ከ2 ሊትር እንዲበልጥ አድርጎ ውኃ ይጠጣ።

ሐኪም ያዘዘው ክኒን አልሠራም

በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ አይውሰዱ፤ አንጀት ብዙውን አይቀበልም። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይዋጣል። ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ሲትሬት የሚባለው ይሻላል። የታይሮይድ ክኒን ከካልሲየም 4 ሰዓት ይራቅ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ የደም ማነስ ክኒኑን (አይረኑን) ከካልሲየሙ ጋር አንድ ላይ አይዋጡት፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ያድርጉት።