የነገረ ፈጅ ሥራ ለምታመለክቱ፦ ሲቪያችሁን እንዲህ አስተካክሉ

ብዙ የሕግ ባለሙያዎች ሲቪ ላይ «ጉዳዮችን በፍርድ ቤት ተከታትያለሁ» የሚል መስመር አለ። ይህ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም። የጉዳዩን ዓይነት፣ ችሎቱንና የራሳችሁን ድርሻ ለይታችሁ ጻፉ፤ ለምሳሌ፦ «በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀረቡ የሥራ ስንብት ክሶች ላይ የመከላከያ መልስ አዘጋጅቼ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተከራክሬያለሁ።» መልሱን ያረቀቃችሁት እናንተ፣ የተከራከረው ሌላ ከሆነ ያንኑ ጻፉ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቁ አይቀርም። የደንበኛ ስም ግን ፈጽሞ አይግባ፤ «አንድ የግል ባንክ» ይበቃል። የሌላውን ደንበኛ ምስጢር ሲቪ ላይ የዘረገፈ ሰው የእኛንም አይጠብቅም ብለው ቀጣሪዎች ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ቀኖቹን ደግሞ አስተያዩ። ሲቪው በኢትዮጵያ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስለሚታይ ልምዱ የተምታታ ይመስላል። ሲቪው ላይ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትም አትርሱ። የጥብቅና ፈቃድ ካላችሁ የፌዴራል ይሁን የክልል ጥቀሱ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የሥራ መደቡን ስም ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ገልብጡት። ማስታወቂያው ውል ማርቀቅን ከጠየቀ «ውል አረቅቃለሁ» አትበሉ፤ የኪራይ፣ የግንባታ ወይም የብድር ውል መሆኑን ተናገሩ። ከመላካችሁ በፊት የጠቀሳችሁትን የአዋጅ ቁጥር ከነጋሪት ጋዜጣ ጋር አመሳክሩ።