የማውንት ቨርነንን የወንዝ ዳር መንገድ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በቨርጂኒያ በኩል የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የማውንት ቨርነን የእግርና የብስክሌት መንገድ 18 ማይል (29 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይረዝማል። ከሩዝቬልት ደሴት የመኪና ማቆሚያ ተነስቶ በሬገን ኤርፖርት ጎንና በአሌክሳንድሪያ በኩል ያልፍና የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ከነበረው ማውንት ቨርነን ላይ ያበቃል። አስፋልት ነው፤ ክፍያ የለውም።

1. ክፍሉን መምረጥ

ሙሉውን በእግር ልጨርስ ማለት አያዋጣም። ለእግረኛ ከሮዝሊን (በሩዝቬልት ደሴት አጠገብ ያለ ሰፈር) እስከ ግራቭሊ ፖይንት (በኤርፖርቱ አጠገብ ያለ የሣር ሜዳ) ያለው 3 ማይል ገደማ ይበቃል፤ የሊንከንና የዋሽንግተን መታሰቢያዎች ከወንዙ ማዶ የሚታዩት በዚህ ክፍል ነው። ለብስክሌት ግን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ ያለው 9 ማይል ገደማ ይሻላል፤ ዛፍ ይበዛዋል፣ ሰው ይቀንሳል።

2. እዚያ መድረስ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የሩዝቬልት ደሴትም ሆነ የግራቭሊ ፖይንት ማቆሚያ የሚገባው ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው የመኪና አውራ ጎዳና፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ ወደ ሰሜን ከሚሄደው መስመር ብቻ ነው። ወንዙ በዚያ በኩል ነው፤ ከደቡብ ተጓዡ መስመር ማቋረጫ የለም። ከአሌክሳንድሪያ ለሚመጣ ችግር የለውም፦ ኤርፖርቱን እንዳለፈ ቀኙን ይዞ ቀስ ይበል፤ ግራቭሊ ፖይንት ወዲያው ይመጣል። ከሮዝሊን ወይም ከዲሲ ወደ ደቡብ የሚነዳ ግን ማቆሚያውን በግራው እያየ ያልፈዋል። መፍትሔው ወደ ኤርፖርቱ ገብቶ ዞሮ በሰሜን መስመር መመለስ ነው። መግቢያው ካመለጣችሁ ፍሬን ይዛችሁ ወደ ኋላ ለመመለስ አትሞክሩ። መኪናው በፍጥነት ነው የሚመጣው፤ ዳር መቆሚያም የለም።

በሜትሮ ባቡር መምጣት ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ከሮዝሊን ጣቢያ ወጥታችሁ በሊን ጎዳና ወደ ኪ ድልድይ አቅጣጫ ውረዱ። ድልድዩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ያለው መስቀለኛ መንገድ ከሀይዌይ 66 የሚወጡ መኪኖች የሚታጠፉበት ነው፤ የእግረኛ መብራቱ በርቶላችሁም ቢሆን የሚታጠፈውን ሾፌር ዓይን ሳታዩ አትግቡ። ከተሻገራችሁ በኋላ በቀኝ የሚወርደው መንገድ በእግረኛ ድልድይ ፓርክዌዩን አሻግሮ ደሴቱ ማቆሚያ ያደርሳችኋል። ብስክሌት ባቡር ላይ በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል፤ ደሴቱ ውስጥ ግን አይገባም።

3. የእንጨት ድልድዮቹን መጠንቀቅ

ከሩዝቬልት ደሴት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በመኪና ድልድዩ ሥር፣ መንገዱ እንጨት ይሆንና ይታጠፋል። እርጥብ እንጨት ላይ ብስክሌት የሚያንሸራትተው በቀጥታው ሳይሆን በመታጠፊያው ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን እንጨቱ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ያዙ፤ ከወጣችሁ በኋላ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ እለፉ። በክረምት (በብርዱ ወራት) ጠዋት አስፋልቱ ደርቆ እንጨቱ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

መንገዱ ጠባብ ነው። አራት ሆኖ ጎን ለጎን እያወሩ መሄድ (የእኛ ሰው ይወደዋል) እዚህ አይሆንም። ከኋላ «ኦን ዩር ሌፍት» ሲባል በግራችሁ ላልፍ ነው ማለት ነውና ቀኛችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ። ግጭት የሚያመጣው ደንግጦ ወደ ግራ መዞር ነው።

4. ግራቭሊ ፖይንት

አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ከሣሩ ሜዳ ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ይርቃል። አውሮፕላን የሚያርፈው ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ሆኖ ስለሆነ ነፋሱ ከደቡብ በሚነፍስበት ቀን ሂዱ፦ የሚያርፉት በጭንቅላታችሁ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ በላያችሁ የሚያልፉት የሚነሱት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከፍ ይላሉ። የሕፃናትን ጆሮ ሸፍኑ።

5. አሌክሳንድሪያን ማለፍ

እዚህ መንገዱ የከተማ ጎዳና ይሆናል፤ ምልክቶቹም ትናንሽ ናቸው። ዩኒየን ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ፤ የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ሥር ጆንስ ፖይንት ፓርክ ላይ ትደርሳላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ኪንግ ጎዳና ማዕዘን ላይ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ይቀላል። ውኃ እዚሁ ሙሉ፤ በክረምት የመንገዱ ቧንቧዎች ይዘጋሉ።

6. እስከ መጨረሻው

ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ ካለው ከቤል ሄቨን ፓርክ በኋላ የዛፍ ሥር አስፋልቱን እያነሳ ጉብታ ይሠራል፤ በተለይ ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ይጠንቀቅ። መንገዱ ሜዳ ነው የሚሉትን አትመኑ። የመጨረሻው ማይል ዳገት ነው፤ ጉልበት አስቀሩ። የዋሽንግተንን ግቢ ለማየት ትኬት ያስፈልጋል፤ ውጪ ያለው ምግብ ቤትና መጸዳጃ ግን በነፃ ይገባል።

መብራት በአብዛኛው ስለሌለ ሊመሽ ከሆነ በብስክሌት አትመለሱ። የፌርፋክስ ኮኔክተር 101 ቁጥር አውቶቡስ ከማውንት ቨርነን ወደ ሀንቲንግተን ባቡር ጣቢያ ይወስዳል፤ ከፊቱ የብስክሌት መስቀያ አለው። የቀኑን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቱ። ሀንቲንግተን ያለው ቢጫው መስመር ነው፤ ወደ ሮዝሊን የሚመለስ ሰው ፔንታጎን ላይ ወደ ሰማያዊው ይቀይር።