ርካሽ ወይንና ጠንካራ መጠጥ በቤት ቀምሶ ነጥብ ሲሰጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዋጋው ዝቅ ያለ ወይን ወይም ጠንካራ መጠጥ ቀምሶ ደረጃ መስጠት ውድ ጠርሙስን ከመገምገም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውዱ ሲከፈት ብርጭቆ ይመረጥለታል፣ ቅዝቃዜው ይታሰብበታል፣ ቀማሹም ረጋ ብሎ ያሸተዋል። ርካሹ ግን ከመደርደሪያ ወርዶ እጅ በገባው ብርጭቆ ይቀዳና ከአንድ ጉንጭ በኋላ «ርካሽነቱ ያስታውቃል» ይባላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ስለ መጠጡ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በቤት የሚሰጡ ነጥቦችን ከሚያዛቡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት መጠጡ አፍ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ እነሱን ለማረም የሠለጠነ ምላስ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሥርዓት ይበቃል።

ስሙንና ዋጋውን እያዩ መቅመስ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ብቻ ቢቀር እንኳ ውጤቱ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች አንዱን ወይን አንድ ጊዜ 5 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 45 ዶላር የሚያወጣ ነው እያሉ ለተሳታፊዎች አቀረቡ። ተሳታፊዎቹ ውድ ነው የተባለውን አብልጠው መውደዳቸው ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ጊዜ በተነሣው የአንጎል ምስል ላይ ደስታን ከመገንዘብ ጋር የተያያዘው ክፍል ይበልጥ ሲነቃቃ ታየ። ይህም ማለት ሰዎቹ ለይምሰል አልተናገሩም፤ ዋጋው የቀመሱትን ነገር በእርግጥ ለውጦባቸዋል። ዓይንም እንዲሁ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በፈረንሳይ ቦርዶ 54 የወይን ጠመቃ ተማሪዎች ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን አሽትተው ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገልጸውታል።

መለያው ሲሸፈን ምን እንደሚሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ የተካሄደው ውድድር አሳይቷል። ፈረንሳውያን ዳኞች ማንነታቸውን ሳያውቁ ከቀመሷቸው ወይኖች መካከል ከቀዩም ከነጩም አንደኛ ያደረጉት የካሊፎርኒያን ወይን ነበር፤ በቀዩ ስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ፣ በነጩ ሻቶ ሞንተሌና። ዳኞቹ ስሞቹን እያዩ ቢሆን ኖሮ ያን ውጤት ይሰጡ ነበር ብዬ አላምንም።

በቤት ውስጥ ይህን ለማድረግ ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ጠርሙሶቹን ተመሳሳይ በሆነ ወረቀት ከአንገታቸው ጀምሮ መጠቅለልና ቁጥር መጻፍ ነው። የአንገቱ ሽፋንና ቡሹ ወይም የሚጠመዘዘው ክዳን አስቀድሞ ይወገድ፣ ምክንያቱም እነሱም ብዙ ያሳብቃሉ፤ የጠርሙሱ ቅርጽ ጭምር ግምት ስለሚሰጥ ከተቻለ ወይኑን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ማቅረብ ይሻላል። የጠቀለለው ሰው አንድ፣ ቁጥሩን የሰጠው ሌላ ሰው ከሆነ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለብቻው የሚቀምስ ሰው ደግሞ ምልክት ከሥራቸው የተለጠፈባቸውን ብርጭቆዎች ሞልቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቦታቸውን ቢያቀያይር ይበቃዋል።

ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ማቅረብ

ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይቀርባል የሚለው ምክር የወጣው ቤቶች ከዛሬው ይልቅ ቀዝቃዛ በነበሩበት ዘመን ነው። በ23 ወይም በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀዳ ቀይ ወይን አልኮሉ ገኖ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬያማው መዓዛ ይደበዝዛል፤ ብዙ ርካሽ ቀይ ወይን «ያቃጥላል» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ያንኑ ጠርሙስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ በ16 እና በ18 ዲግሪ መካከል መቅመስ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ለነጭ ወይን ከ8 እስከ 12፣ አረፋ ላለው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይመከራል። ከዚህ በታች መውረድ ደግሞ ተቃራኒውን ጉዳት ያመጣል፤ ብርቱ ቅዝቃዜ መዓዛንና ጣፋጭነትን ይደብቃል፣ በቀይ ወይን ውስጥ ያለውን አፍ የሚይዝ ታኒን ያጎላል። ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል የወጣ ቮድካ ለስላሳ የሚመስለውም ጉድለቱ ስለማይሰማ ነው፤ ለመጠጣት ደስ ይል ይሆናል፣ ነጥብ ግን ሊሰጠው አይገባም።

ብርጭቆን መናቅ

ለወይን ቅምሻ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 3591፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሲሆን ከታች ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለና 215 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ብርጭቆን ይገልጻል፤ የሚቀዳበትም 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ መዓዛው የሚሰበሰብበት ነው። ትክክለኛው ብርጭቆ ባይገኝም ሁሉም መጠጦች በአንድ ዓይነት ብርጭቆና በእኩል መጠን እስከቀረቡ ድረስ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ይሆናል። ከመቅዳት በፊት ግን ባዶውን ብርጭቆ ያሽትቱት፤ የሳሙና ወይም የቁም ሳጥን ሽታ ካለው በሙቅ ውሃ ብቻ ደጋግመው ያለቅልቁት።

ጠንካራ መጠጥን እንደ ወይን መቅመስ

40 በመቶ አልኮል ያለውን መጠጥ እንደ ወይን አሽከርክሮ አፍንጫን ወደ ብርጭቆው መክተት የማሽተት አቅምን ለደቂቃዎች ያደነዝዛል። ብርጭቆው ሳይሽከረከር ከአገጭ ሥር ይያዝ፤ ከዚያ አፍን በትንሹ ከፍቶ ቀስ እያሉ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ከማለማመድ ያለፈ ጥቅም ስለሌለው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ነጥብ መስጠት ትክክል አይደለም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጠብቁ።

ውሃ መጨመር መጠጡን ማበላሸት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የውስኪ ቀማሚዎች ራሳቸው ግን መጠጡን ብዙውን ጊዜ ወደ 20 በመቶ ገደማ አቅጥነው ያሸቱታል፣ ምክንያቱም የአልኮሉ ግፊት ሲቀንስ የተሸፈነው መዓዛም የተሸፈነው ጉድለትም ይወጣል። 25 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ ላይ በመጠኑ ልክ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ሲጨመር ወደዚያ ይደርሳል። ጥሩ የተጣራ ርካሽ መጠጥ በዚህ ፈተና ውስጥ የእህል፣ የፍራፍሬ ወይም የእንጨት ጠረኑን እንደያዘ ይቆያል፤ በችኮላ የተሠራው ደግሞ የሙጫና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያወጣል። ይህን ፈተና ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እመክራለሁ፤ በአንድ ዋጋ የሚሸጡ ሁለት ጠርሙሶችን የሚለይ እንደ እርሱ ያለ የለም።

በቀለም መመራትም እዚህ ላይ ያሳስታል። የስኮትላንድ ውስኪና የኮኛክ ሕግ ኢ150ኤ የተባለውን የተቃጠለ ስኳር ለቀለም ማስተካከያነት ስለሚፈቅድ፣ ጠቆር ማለት ብዙ ዓመት በበርሜል ለመቆየት ማስረጃ አይሆንም። በስኮትላንድ ውስኪ መለያ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ደግሞ በጠርሙሱ ውስጥ ካሉት ቅይጦች የታናሹ ዕድሜ ነው። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርዱት «እንባዎች» አልኮልና ውሃ በተለያየ ፍጥነት ስለሚተኑ የሚፈጠሩ ናቸው፤ የጥራት ምልክት አይደሉም።

በዚህ ክፍል ቸል ሊባል የማይገባው ግን ምንጩ ያልታወቀ ጠንካራ መጠጥን ወደ ቅምሻ ማስገባት ነው። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበትን መጠጥ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ መለየት አይቻልም፤ የሚያደርሰውም የዓይነ ስውርነት ወይም የሞት አደጋ ነው። ዋጋው የቱንም ያህል ቢስብ፣ አምራቹና ማኅተሙ የማይታወቅ ጠርሙስ አይከፈት።

በአንድ ምሽት ብዙ መደርደር

ከስድስት ወይኖች ወይም ከአራት ጠንካራ መጠጦች በላይ ሲሆን ነጥቡ የሚለካው የቀማሹን ድካም ነው። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ጣፋጭ ካልሆነው ወደ ጣፋጩ፣ ከዝቅተኛ አልኮል ወደ ከፍተኛው መሄድ ይገባል፤ ቀምሶ መትፋትም ነውር የለውም፣ ለሚያሽከረክር ሰውማ ግዴታ ነው። ጥርስ ከታጠበ፣ ቡና ከተጠጣ ወይም ሽቶ ከተቀባ በኋላ ወዲያውኑ አለመቅመስ ነው።

የተበላሸውን ጠርሙስ ከመጥፎ ወይን ጋር መደባለቅ

እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ወይን ብዙውን ጊዜ ቲሲኤ በሚባል ውህድ የተበከለ ነው። ይህ ውህድ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ የሚመጣ ሲሆን፣ በሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ሆኖ እንኳ ይሸታል፤ ከዚያም ሲያንስ ሽታው ሳይታወቅ ፍሬያማውን መዓዛ ስለሚያጠፋ ወይኑ «ባዶ» ይሆናል። ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብ የተሰጠው በቡሽ የተዘጋ ወይን ከሌላ ጠርሙስ አንድ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የሚጠመዘዝ ክዳን ይህን አደጋ በእጅጉ ስለሚቀንስ የርካሽነት ምልክት አድርጎ መቁጠሩ ያለ ምክንያት ነው።

ያለ ቃል ቁጥር ብቻ መጻፍ

ታዋቂው የ100 ነጥብ መለኪያ የሚጀምረው ከ50 ሲሆን፣ በቤት ውስጥ 86 እና 87ን መለየት የሚችል ሰው አለ ብዬ አላስብም። ባለሙያዎች እንኳ ይቸገራሉ፦ በካሊፎርኒያ ግዛት ዐውደ ርዕይ የወይን ውድድር ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ የተቀዳላቸውን ወይን በተመሳሳይ የሜዳልያ ደረጃ ውስጥ ማስቀመጥ የቻሉት ዳኞች 10 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ለቤት የ20 ነጥብ መለኪያ ይበቃል፤ ለሽታ፣ ለጣዕም፣ ለሚዛናዊነትና ከተዋጠ በኋላ በአፍ ውስጥ ለሚቆይበት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አጭር ምክንያት ይጻፍ። «ኮምጣጣነቱ ጣፋጭነቱን አሸንፎታል» የሚል ማስታወሻ ከወራት በኋላም ይጠቅማል፤ «13» ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ማንም የጻፈውን ሳይጨርስ ጮክ ብሎ አስተያየት አይስጥ፤ ዋጋውም የሚጠቀሰው ነጥቡ ከተጻፈ በኋላ ይሁን። ራስን ለመፈተን አንዱን መጠጥ በሁለት ቁጥር አስገብቶ የሁለቱን ነጥብ ርቀት ማየት ነው፤ በመካከላቸው የሦስት ነጥብ ልዩነት ካለ፣ በዚያ ምሽት በሌሎች መጠጦች መካከል የታየውም የሦስት ነጥብ ብልጫ ትርጉም የለውም።

በአንድ ቅምሻ መደምደም

ገና የተከፈተ ቀይ ወይን አንዳንዴ ዝግ ያለ ወይም የክብሪት ሽታ ያለው ይሆናል። ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን ማስቀመጥ ግን አየር የሚነካው ገጽ ጠባብ ስለሆነ ብዙም አይረዳም፤ ወደ ሰፊ ዕቃ መገልበጥ ይሻላል። የቀረውን ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩና በማግሥቱ ቅዝቃዜውን እንደ መጀመሪያው ቀን አስተካክለው፣ ያለፈውን ማስታወሻ ሳያዩ እንደገና ይቅመሱት። ጠንካራ ሆኖ ከቆየ በርካሹ መደብ ውስጥ ያልተለመደ ነገር አግኝተዋል፤ ጠፍቶ ወይም የተቆረጠ ፖም የሚሸት ሆኖ ካገኙት ደግሞ በተከፈተበት ቀን ማለቅ እንዳለበት ከነጥቡ ጎን ይጻፉት።